«ሕይወቴ የራሴ ነው» ማለት ይቻላልን?



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው አኖ ከተማ ሲደርስ በቅድሚያ የሚቀበለው የሞተር ብስክሌት ድምፅ ነው። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገነጠሉት መንገዶች ከዋናው መንገድ በሚነሡበት ቦታ ወጣቶች ሞተሮቻቸውን ደርድረው መንገደኛ ይጠብቃሉ። አንዱ የበቆሎ ጆንያ፣ ሁለተኛው ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት፣ ሦስተኛው ከነቀምቴ የተመለሰ ተማሪ ጭኖ ይነሣል። ይኸው ትዕይንት በሲሬም፣ በነቀምቴም፣ ከዲዴሳ ወንዝ ማዶ በጊምቢም ያው ነው። አባቶቻችን ከድምፁ ተነሥተው «ዶቅዶቄ» ብለው የሰየሙት ይህ መሣሪያ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ፣ የብዙ ወጣት ኩራት፣ የብዙ እናት ሥጋት ሆኗል።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱን «ወንድማችን፣ የራስ መከላከያ ቆብህ፣ ሄልሜትህ፣ የት አለ?» ብለን ብንጠይቀው ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ አጭር ነው። «ተዉኝ፤ ሕይወቴ የራሴ ነው፤ ብሞትም የምሞተው እኔ ነኝ» ይላል። መልሱ በድፍረት የተነገረ ይምሰል እንጂ በውስጡ አንድ ትልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይዟል። በእርግጥ ሰው ሕይወቱን እንደ ፈቀደ ለአደጋ ሊያጋልጥ መብት አለውን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

መሣሪያው በጎ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተር ብስክሌትን ልንኮንን እንዳልተነሣን አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን። በቁምስናዎቻችን የሚያገለግሉ ካቴኪስቶች ቀድሞ ግማሽ ቀን በእግር ወይም በበቅሎ ተጉዘው ይደርሱባቸው ወደ ነበሩት ጸሎት ቤቶች ዛሬ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ። መኪና በማይገባበት መንደር የታመመ ሰው በሞተር ተጭኖ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። የክትባት መድኃኒት፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የገበሬው ቡና በሞተር ይጓጓዛል። መሬት ያልደረሰው ወጣት ከስደት ይልቅ በአገሩ ሠርቶ የሚበላበትን መንገድ የከፈተለት ይኸው መሣሪያ ነው። የሰው እጅና አእምሮ ያፈራው በጎ ነገር ሁሉ ምስጋና ይገባዋል።

ይሁን እንጂ በበቅሎና በሞተር መካከል አንድ ልዩነት አለ። በቅሎ ገደል ስታይ ትቆማለች፤ ጌታዋ ቢቸኩልም፣ ቢሰክርም፣ ቢያንቀላፋም እሷ ለራሷ ትጠነቀቃለች። ሞተር ግን የነጂውን ስሕተት ያለ ማንገራገር ይፈጽማል። ስለዚህ ቀድሞ ለሰውና ለእንስሳ የተከፈለው ጥንቃቄ ዛሬ ሙሉ በሙሉ በነጂው ላይ ወድቋል ማለት ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

የስም ፉክክር

በአገራችን ሞተር ብስክሌት ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበር። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የሚስዮን አገልጋዩ የሚይዙት ያማሃ፣ ሆንዳ ወይም ሱዙኪ፣ ሁሉም የጃፓን ሥሪት ነበሩ። ዛሬ ግን በየከተሞቻችን የሕንድ ሥሪት የሆኑት ቦክሰርና ቲቪኤስ በብዛት ይታያሉ። ቦክሰርን የሚሠራው ባጃጅ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ስሙ በእኛ ዘንድ የሦስት እግሩ ተሽከርካሪ መጠሪያ ሆኖ ስለ ቀረ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን የማያስተውል ብዙ ነው። ቲቪኤስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1911 በደቡብ ሕንድ የመጓጓዣ ሥራ የጀመሩት የቲ. ቪ. ሱንዳራም አያንጋር ስም ምሕጻር ነው።

በጋራዥ ደጃፍና በሻይ ቤት በረንዳ ወጣቶች ሲከራከሩ የሰማ ሰው ነገሩ የሁለት ጎሣ ጠብ ይመስለዋል። አንደኛው ወገን «የእኔ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭነት ይችላል፣ መለዋወጫው በየሱቁ ይገኛል» ይላል። ሌላው ወገን ጉልበትና ፍጥነት ይቆጥራል። አሮጌ ያማሃ ያለው ጎልማሳ ደግሞ ሁለቱንም ንቆ «ዕድሜያቸውን እናያለን» ይላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ክፋት የለበትም። እንጀራውን በሞተር የሚያገኝ ሰው ስለ ነዳጁ፣ ስለ ካቴናው፣ ስለ ጎማው ማሰቡ አስተዋይነት ነው፤ ጨዋታና ቀልድም የወጣትነት ወግ ነው።

ክፋቱ የሚጀምረው የመሣሪያው ስም የሰውየው ክብር ሲሆን ነው። «ማን ይቀድማል?» የሚለው ቀልድ ወደ መንገድ ሲወጣ፣ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ በሚወርደው ቁልቁለት ሁለት ሞተሮች ጎን ለጎን ሲሽቀዳደሙ፣ የጦፈው የስም ክርክር በሥጋና በአጥንት መከፈል ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ነጂው ሞተሩን አይነዳም፤ ስሙ እርሱን ይነዳዋል።

በዚህ ረገድ ከዓለም ታሪክ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1981 ያማሃ ሆንዳን አልፎ የዓለም አንደኛ ሞተር ብስክሌት ሠሪ ለመሆን ተነሣ። ሆንዳም በቁጣ መልስ ሰጠ፤ በ18 ወራት ውስጥ 113 አዳዲስና የተሻሻሉ ዓይነቶችን ለገበያ አወጣ፤ ዋጋም ቀነሰ። ያማሃ ሊከተለው አልቻለም፤ ያልተሸጡ ሞተሮች በመጋዘን ተከመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፕሬዚዳንቱ ሽንፈታቸውን በይፋ አመኑ፤ ለፉክክሩ ዕዳ ከከፈሉት መካከልም ከሥራ የተቀነሱት ሠራተኞች ይገኙበታል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ እነዚሁ ሁለት ኩባንያዎች በአገራቸው ገበያ በአነስተኛ ሞተሮች ሥራ ለመተባበር መነጋገር መጀመራቸውን አስታወቁ። እንግዲህ የፋብሪካዎቹ ባለቤቶች በአንድ ገበታ ሲቀመጡ፣ የእኛ ወጣቶች ስለ ስማቸው በቁልቁለት ላይ መሞታቸው ምን ይባላል?

ፍጥነትም የራሱ ሕግ አለው፤ በጀግንነት አይሻርም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ሕፃን ከአጥር ጥግ ብቅ ብሎ ነጂው ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ይህ ሁሉ ርቀት አልቋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የክረምቱ ዝናብ ቀዩን አፈር ጭቃ ሲያደርገው፣ ከኋላም ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። የሞተሩ ስም ቦክሰርም ይሁን ያማሃ ይህ አይለወጥም።

የነጂው መልስ ሲመረመር

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ሕይወቴ የራሴ ነው» የሚለው ወንድማችን ፈጽሞ ተሳስቷል አንልም። በንግግሩ ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ሰው ነጻ ፍጡር ነው፤ በየቀኑ ጥቂት አደጋ ሳይቀበል ሊኖር አይችልም። ዛፍ ላይ ወጥቶ ማር የሚቆርጥ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ የሞላ ወንዝ የሚሻገር ሁሉ አደጋ ይቀበላል። ስለ በጎ ዓላማ የሚደረግ ድፍረት እንዲያውም ምግባር ነው፤ ተላላፊ በሽታ ሳይፈራ ሕሙማንን የሚያስታምም ሰው ይመሰገናል። ታዲያ የሞተረኛው ድፍረት ከዚህ በምን ይለያል?

በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ አደጋው ለምንም በጎ ነገር አያስፈልግም። ቆብ ቢያደርግ መንገዱ አይረዝምበትም፤ ፍጥነቱን ቢቀንስ የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው። በከንቱ የሚጣል ነገር በነጻነት ተሰጠ አይባልም። እኛም እንደምናምነው ሕይወት የተሰጠን በአደራ ነው፤ አደራ ተቀባይ ደግሞ በንብረቱ ይጠቀምበታል እንጂ እንደ ወደደ አያባክነውም።

ሁለተኛ፣ ብቻውን የሚወድቅ ሰው የለም። ሞተረኛው ሲወድቅ እናቱ ትወድቃለች፤ ሚስቱና ልጆቹ ይወድቃሉ፤ ለሕክምና ላም ይሸጣል፤ ጎረቤት ዕቁቡን ያወጣል፤ ዕድር ድንኳን ይተክላል። በሕይወት ቢተርፍና ጭንቅላቱ ቢጎዳ ደግሞ ታናሽ እኅቱ ትምህርቷን አቋርጣ ልታስታምመው ትችላለች። «ብሞት የምሞተው እኔ ነኝ» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ከቍጥር ያወጣል። በለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ሒሳቡ ትክክል አለመሆኑን ያውቃል።

ሦስተኛውና ዋነኛው፣ በመንገድ ላይ ያለው ሕይወት የነጂው ብቻ አይደለም። ከኋላው የተቀመጠችው እናት፣ ከዳር የሚሄደው ሽማግሌ፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ሕፃን አደጋውን አልመረጡም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል 23 በመቶው እግረኞች፣ 21 በመቶው ደግሞ በሁለትና በሦስት እግር ሞተሮች የተሳፈሩ ነበሩ። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉት በዓለም ላይ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። እንግዲህ ስለ «ራሴ ሕይወት» የሚናገረው ሰው በእርግጥ የሚናገረው ስለ ሌሎች ሕይወት ጭምር ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። «አትግደል» በሚለው በአምስተኛው ትእዛዝ ሥር፣ በቍጥር 2290፣ በስካር ወይም ከመጠን ባለፈ የፍጥነት ፍቅር የራሳቸውንና የሌሎችን ደኅንነት በመንገድ ላይ ለአደጋ የሚያጋልጡ ሰዎች በደላቸው ከባድ መሆኑን ያስተምራል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ትምህርቱ አደጋው እስኪደርስ አለመጠበቁን ነው። ማንም ሳይጎዳ ቤቱ የገባ ነጂ «ምንም አልሆነም» ሊል ይችላል፤ የባልንጀራውን ሕይወት በቁማር አስይዞ ስላልተሸነፈ ብቻ ግን ንጹሕ አይሆንም።

የራስ ቆቡ ታሪክ

ስለ ራስ መከላከያ ቆብ ብዙ ሰበብ ይሰማል። «ይሞቃል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ፀጉር ያበላሻል፣ ቀኑ ከደረሰ ቆብ አያድንም» ይባላል። የአገራችን የትራፊክ ሕግ ቆብ እንዲደረግ ያዛል፤ ነገር ግን በብዙዎች ዘንድ ቆቡ የሚታየው በመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነው፤ ከራስ ላይ የሚወጣው የትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ብቻ ነው። ይህ ማለት ቆቡን የቅጣት መከላከያ አድርገነዋል ማለት ነው።

የቆቡ አመጣጥ ግን ከሐዘን የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዐረቦች ምድር በመዋጋቱ ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊ ቲ. ኢ. ሎረንስ፣ በብስክሌት ይሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሞተሩን ሲያዞር ወድቆ ራሱን ተመታ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂው ኬይርንስ ነበር። ኬይርንስ ይህን ሞት በዋዛ አላለፈውም፤ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ለዓመታት መረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ጥናቱን አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ ቆብ እንዲያደርጉ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ 61 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ቆብ ማድረግ ከአደጋ በኋላ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አመለከተ። «ቀኑ ከደረሰ» ለሚለው ሰው መልሳችን ይህ ነው፤ አንድ ሐኪም በአንድ ሰው ሞት ተነክቶ የፈለገው ጥበብ ከዚያ ወዲህ የብዙዎችን ቀን አራዝሟል። ጥበብን የሚሰጥ አምላክ ነው ካልን፣ የሰጠንን ጥበብ ንቀን ዕድልን መጠበቅ እምነት አይባልም።

ሁለት ሰው፣ አንድ ቆብ

ከዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ እናንሣ። እንበልና በክረምት ሌሊት ከአኖ ራቅ ባለ መንደር አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል። አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ የለም። በመንደሩ አንድ ሞተር፣ አንድም ቆብ አለ። ነጂው ምን ያድርግ? ቆቡንስ ማን ያድርገው?

እኛም ይህን ጉዳይ በመካከላችን ተከራክረንበታል። አንዳንዶቻችን «ነጂው ቢጎዳ ሁለቱም ይወድቃሉና ቆቡ ለነጂው ይሁን» አልን። ሌሎቻችን «እርሷ ሁለት ነፍስ ናት፤ ደግሞም እንግዳን ማስቀደም ወጋችን ነው፤ ለእርሷ ይሁን» አልን። በሁለቱም በኩል ቁም ነገር አለ። መጓዙን ግን ማናችንም አልተቃወምንም፤ እውነተኛ ችግር በመጣ ጊዜ ስለ ሌላው ሕይወት አደጋ መቀበል ፍቅር ነውና። ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሰው ከፊት በባትሪ እያበራለት መሄድ ይገባዋል አልን።

ክርክሩን ስንጨርስ ግን አንድ ነገር ተገለጠልን። የሌሊቱ ጥያቄ መልስ ያለው በቀን ነው። ነጂው ለሞተሩ የመቀመጫ ልባስ፣ ለመሪው ጌጥ፣ ለጎኑ ባለቀለም ተለጣፊ ሲገዛ ሁለተኛ ቆብ ቢገዛ ኖሮ በሌሊት ማንን ላድን ብሎ ባልተጨነቀ ነበር። ብዙዎቹ አስጨናቂ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች እንዲሁ ናቸው፤ በጨለማ ሲመጡ መልስ የሌላቸው የሚመስሉት በብርሃን ሳለን ስላላሰብንባቸው ነው። አስተዋይነት የሚባለው ምግባርም ይኸው ነው፤ ችግሩ ሳይመጣ ስለ ባልንጀራ ማሰብ።

ስለዚህ በአንድ ሞተር ላይ የሁለተኛው ቆብ መኖርና አለመኖር ስለ ነጂው ብዙ ይናገራል እንላለን። የመጀመሪያው ቆብ ነጂው ራሱን እንደሚወድ ያሳያል፤ ሁለተኛው ባልንጀራውን እንደ ራሱ መውደዱን ያሳያል።

በደሉ የነጂው ብቻ ነውን?

ይሁን እንጂ ጣታችንን በወጣቱ ላይ ብቻ ብንቀስር ፍርዳችን ይዛባል። ብዙዎቹ ነጂዎች የሚነዱት የሌላ ሰው ሞተር ነው፤ ማታ ማታ ለባለንብረቱ የተቆረጠ ገቢ ማስገባት አለባቸው። ገቢው ከፍ ባለ መጠን ምልልሱ ይበዛል፤ ምልልሱ በበዛ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል። ባለንብረቱ ቤቱ ተቀምጦ ገንዘቡን ሲቆጥር የፍጥነቱም ተካፋይ ነው። ቆብ ሳይገዛ፣ ፍሬኑን ሳያስጠግን ሞተሩን ለሥራ የሚያወጣ ሰው ለወጣቱ እንጀራ ሰጠሁ ብሎ ብቻ ሊመካ አይችልም።

ተሳፋሪዎችም አለንበት። «ልጄ፣ ገበያው ሊያልፍብኝ ነው፤ ቶሎ በል» የምንለው እኛ ነን። ሒሳብ ለመቀነስ ሦስተኛ ሰው ሆነን የምንጫን፣ ሕፃን በመካከል አጣብቀን የምንጓዝ እኛው ነን። ነጂው «እናቴ፣ ሁለት ሰው አልጭንም» ሲል ትተነው ወደ ሌላው የምንሄድ ከሆነ ጥንቁቁን በገበያ እየቀጣን፣ ግዴለሹን እየሸለምን ነው። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ልጁ ሞተር የሚገዛ አባት፣ የጠጣ ጓደኛውን ቁልፍ የማይቀማ ወዳጅም እንዲሁ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ራሳችንን እንመርምር። ለአገልጋይ ሞተር ስንሰጥ ደስ ብሎን እናጨበጭባለን፤ በቂ የመንዳት ትምህርትና ቆብ አብረን መስጠታችንን ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? በእሑድ ጠዋት ለሁለት ጸሎት ቤት አገልግሎት ለመድረስ ራቁት ራሱን የሚከንፈውን ካቴኪስት በቅናቱ እናደንቀዋለን። ሕፃናቱ ግን ካስተማራቸው ትእዛዝ ይልቅ አነዳዱን ያስታውሳሉ።

የክልከላ ትምህርት

አንዳንዶች «ሞተር ቢከለከል ይሻላል» ይላሉ። አዲስ አበባ ይህን መንገድ ሞክራለች። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ አግዶ ነበር፤ ምክንያቱ ሞተር ለስርቆትና ለዝርፊያ እየዋለ ነው የሚል ነበር። በዚያ ውሳኔ ወንጀለኛው ብቻ ሳይሆን በሐቅ እንጀራውን ይበላ የነበረውም ከሥራው ተስተጓጎለ። የውሳኔውን ትክክለኛነት መፍረድ የእኛ ፋንታ አይደለም። ለእኛ ከተሞች ግን ትምህርት አለው፤ አንድ የሥራ ማኅበረሰብ ራሱን ሳይገዛ ሲቀር በጎውና ክፉው በአንድ ላይ ይከለከላል። ስለዚህ የእርስ በርስ ተግሣጽ የመጨረሻ ጥቅሙ ለነጂዎቹ ለራሳቸው ነው። ፉክክር ካስፈለገም የአኖና የነቀምቴ ሞተረኞች «ማን ፈጠነ?» በሚለው ፈንታ «በዚህ ዓመት ማን ሰው ሳይጥል ሠራ?» በሚለው ቢፎካከሩ ክብሩ እውነተኛ ይሆን ነበር።

ስለ ቅዱሳት ሥዕላት

በብዙ ሞተሮች ላይ የእመቤታችን ወይም የመላእክት ሥዕል ተለጥፎ እናያለን። ይህ መልካም ልማድ ነው። በጣልያን አገር ካስቴላትሶ በምትባል ከተማ የምትከበረውን እመቤታችንን ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1947 የሞተረኞች ጠባቂ ብለው ሰይመዋል፤ ሞተረኞችም በየዓመቱ ወደዚያ ይጓዛሉ። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጌታችን በምድረ በዳ ሲፈተን ሰይጣን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ፣ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወርውር ብሎት እንደ ነበር በወንጌል እናነባለን። ጌታም እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ እምቢ አለ። ሥዕል ለጥፎ፣ ቆብ ጥሎ፣ ሦስት ሰው ጭኖ በቁልቁለት የሚበር ሰው ያንኑ የሰይጣን ምክር እየፈጸመ መሆኑን ያስብ። ጸሎት የጥንቃቄ ተተኪ ሊሆን አይገባም፤ ለጥንቃቄ ብርታት የሚሰጥ ነው እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ለር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ሃርሊ ዴቪድሰን የተባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ሞተር በስጦታ ተበርክቶላቸው ነበር። እርሳቸው ግን ለድሆች ሰጡት፤ በቀጣዩ ዓመት በፓሪስ በጨረታ ተሽጦ 241,500 ዩሮ አወጣ፤ ገንዘቡም በሮም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ላለው የካሪታስ የድሆች ማደሪያና መመገቢያ እንዲውል ተደረገ። ትልቅ ስም ያለው ሞተር ትልቅ ክብር ያገኘው ለሌላው ሰው እንጀራ በሆነ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ካቴኪስቶቻችን በአምስተኛው ትእዛዝ ትምህርታቸው ስለ መንገድም እንዲያስተምሩ እንለምናለን። የስደተኞችና የመንገደኞች ሐዋርያዊ እንክብካቤ ጳጳሳዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ለአሽከርካሪዎች ዐሥር ምክሮች አውጥቶ የመጀመሪያውን ከዚሁ ትእዛዝ ጋር ማያያዙ ለትምህርቱ በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የቁምስና ሞተር ሁለት ቆብ ይኑረው፤ ካቴኪስቱም ያለ ቆብ አይነሣ፤ ምእመናንም ስለ ዘገየ አያጉረምርሙበት። ሦስተኛ፣ እኛ ተሳፋሪዎች ቆብ ያለውንና ቀስ ብሎ የሚነዳውን መርጠን እንሳፈር፤ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር እንውረድ። አራተኛ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የወሰነው የመንገድ አደጋ ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን በኅዳር ወር መጀመሪያ አካባቢ ባለው እሑድ ይውላል፤ በዚያ ቀን በየቁምስናው የሞቱትን በጸሎት ብናስብ፣ ሞተረኞችንም ጋብዘን ብንባርካቸውና ብንመክራቸው መልካም ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ተረታችን። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በአስፋልት ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ በአማርኛም በኦሮምኛም ከልጅነታችን ሰምተናል፤ ይህንን ጥበብ በሞተር ዘመን የምንጥልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ «ሕይወቴ የራሴ ነው» ላለን ወንድማችን መልሳችን የሚከተለው ነው። አዎን ወንድማችን፣ ሕይወትህ ለአንተ ተሰጥቷል፤ ነገር ግን የወለደችህም፣ የሚጠብቁህ ልጆችህም፣ ከኋላህ ተቀምጣ ወገብህን የያዘችው መንገደኛም በዚያ ሕይወት ላይ ድርሻ አላቸው። እርሷ አንተን ስትይዝ ሕይወቷን በእጅህ አስቀምጣለች። ሞተርህ የየትኛውም ፋብሪካ ሥራ ቢሆን፣ በሰላም ያደረስካት እንደሆነ ከሁሉ የበለጠ ሞተረኛ አንተ ነህ።

እግዚአብሔር መንገዳችንን ሁሉ ይጠብቅልን።